ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆች በቤታቸው እንዲማሩ መርዳት
ለወላጆች፣ ለአሳዳጊዎችና ለታላላቅ ወንድምና እኅቶች

የመጀመሪያው የኮሮና ቫይረስ ታማሚ በአገራችን መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በይፋ ተገለጸ። ከሦስት ቀን በኋላ፣ መጋቢት 7 ቀን፣ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ። ከ26 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑ ተማሪዎች ከክፍላቸው ወጥተው ቤታቸው ገቡ። የውሳኔው ምክንያት ግልጽ ነው። በአብዛኞቹ ትምህርት ቤቶቻችን ተማሪዎች በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ይቀመጣሉ፤ መጽሐፍ ይዋዋሳሉ፤ ከአንድ ቧንቧ ይጠጣሉ። አብዛኞቹ ሕፃናት በሽታው ሲይዛቸው ብዙም ሳይጎዱ የሚያልፉት ቢሆንም፣ ሳያውቁት ወደ ቤት ይዘውት ገብተው ለአያት ወይም የስኳር፣ የደም ግፊትና የልብ ሕመም ላለበት የቤተሰብ አባል ሊያስተላልፉት ይችላሉ። ስለዚህ የትምህርት ቤቱ መዘጋት የሚጠብቀው ልጁን ብቻ ሳይሆን በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖሩትን ሁሉ ነው።

ይሁን እንጂ መዘጋቱ የራሱ ዋጋ አለው፤ ዋጋውም ከሁሉም ልጅ እኩል አይወሰድም። የተማሩ ወላጆች፣ መጽሐፍና ቴሌቪዥን ያሉት ልጅ ጥቂት ወደኋላ ይል ይሆናል። ፊደል መለየት ጀምሮ ያቋረጠው የአንደኛ ክፍል ልጅ፣ ጎረቤት ቤት ሥራ የገባችው የሰባተኛ ክፍል ልጅ፣ የመብራት ምሰሶ ያልደረሰበት ቀበሌ ተማሪ ግን ከዚያ እጅግ የበለጠ ያጣሉ። በዚህ ረገድ ከሴራሊዮን የምንማረው አለ። በዚያ አገር በኢቦላ ወረርሽኝ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2014 የተዘጉት ትምህርት ቤቶች የተከፈቱት በሚያዝያ 2015 ነበር። በመካከሉ ትምህርት በሬዲዮ ሲሰጥ ቆይቷል። ሆኖም ትምህርት ቤቶቹ ሲከፈቱ ብዙ ልጃገረዶች ፀንሰው ተገኙ፤ ነፍሰ ጡር ተማሪዎች ከሌሎች ጋር በመደበኛ ክፍል እንዳይማሩ የተጣለው ክልከላም እስከ መጋቢት 2020 እ.ኤ.አ. አልተነሣም። በሬዲዮ የሚሰጠው ትምህርት ፍሬ ማፍራቱ የሚወሰነው በቤት ውስጥ ልጁን የሚከታተል ሰው በመኖሩ ነው ማለት ነው።

ይህ ጽሑፍ የሚናገረው ስለዚያ ሰው ነው። ያ ሰው አባት፣ እናት፣ አያት፣ አክስት፣ ታላቅ እኅት ወይም አሠሪ ሊሆን ይችላል። ማንበብና መጻፍ መቻሉ ይረዳል፤ ግዴታ ግን አይደለም።

ፊደል ያልቆጠረ ወላጅም ሊያስተምር ይችላል

ብዙ ወላጆች “እኔ ሳልማር እንዴት አስተምራለሁ?” ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ከሚታሰበው ይልቅ ቀላል ነው። ከወላጅ የሚጠበቀው ትምህርቱን ማወቅ ሳይሆን ልጁ የተማረውን መልሶ እንዲናገር ማድረግ ነው። ማታ እሳት ዳር ሲቀመጡ ወይም ቡና ሲፈላ “ዛሬ ምን ተማርሽ? እስኪ እኔንም አስተምሪኝ” ብሎ መጠየቅ ይበቃል። ልጅቱ ውኃ እንዴት ተንኖ ዝናብ እንደሚሆን ለእናቷ ስታስረዳ፣ የገባትንና ያልገባትን ራሷ ትለየዋለች። መሐል ላይ ከተደናቀፈች ወደ መጽሐፉ ትመለሳለች። ከአእምሮ ፈልጎ ማውጣት፣ የተጻፈውን ደጋግሞ ከማየት ይልቅ ትምህርትን ያጸናል፤ አንድ ገጽ አምስት ጊዜ ያነበበ ተማሪ ሁለት ጊዜ አንብቦ መጽሐፉን ከድኖ ከተናገረው ይልቅ የሚያውቅ መስሎ ይሰማዋል እንጂ የበለጠ አያስታውስም።

ጥያቄው በማግስቱ፣ ከዚያም ከሳምንት በኋላ መደገም አለበት። “ባለፈው ሰኞ ያስረዳሽኝ የዝናቡ ነገር እንዴት ነበር?” ማለት ቀላል ቢመስልም፣ የተረሳውን እንደገና ማስታወስ ራሱ ትምህርት ነው። ይህን ለማድረግ ቀለም የቆጠረ ሰው አያስፈልግም፤ ቀኑን የሚያስታውስና የሚሰማ ሰው ይበቃል።

ማስረጃ የሚሻ ወላጅ ደብተሩን በዘፈቀደ ገልጦ “ይህን አንብብልኝ” ይበል። ልጁ በእርግጠኝነት ሲያነብና እየተንተባተበ ሲገምት ያለው ልዩነት ፊደል ለማያውቅ ጆሮም ይሰማል።

ፊደል ላይ ያሉ ልጆች

ከሁሉ ይልቅ ቅድሚያ ሊሰጣቸው የሚገባ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ያሉ ልጆች ናቸው ብለን እናምናለን። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ያመለጠውን ምዕራፍ በኋላ ሊያነበው ይችላል፤ ማንበብ ያልቻለ ልጅ ግን ያመለጠውን ሁሉ የሚያካክስበት መሣሪያ የለውም። የአማርኛ የፊደል ገበታ 33 ረድፍና 7 አምድ አለው፤ ይህም 231 ምልክት ይሆናል። እንደ “ቋ” እና “ጓ” ያሉት ሲጨመሩ ቁጥሩ ከፍ ይላል። ይህን ያህል ምልክት ወራት ካለፉ ይጠፋል፤ በተለይም እንደ “ጸ” እና “ጰ” ያሉት ተቀራራቢ ቅርጾችና አልፎ አልፎ ብቻ የሚመጡት ፊደላት ቀድመው ይረሳሉ።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ መታለል አለ። ልጁ “ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ” ብሎ በዜማ ሲወርደው ቤተሰቡ ያነባል ብሎ ይደሰታል። ልጁ ግን ዜማውን እንጂ ቅርጹን ላያውቅ ይችላል። የቄስ ትምህርት ቤት መምህራን ይህን ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል፤ “ሀሁ” የዘለቀውን ልጅ “አበገደ” በሚባለው ሌላ ቅደም ተከተል የሚያስቆጥሩት፣ ከዜማው ወጥቶ እያንዳንዱን ፊደል በመልኩ እንዲለይ ነው። በቤትም እንዲሁ ይደረግ። በስንደዶ ወይም በእርሳስ ጫፍ ከገበታው ላይ አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከታች፣ አንዱን ከመሐል እየጠቆሙ መጠየቅ ይገባል። ገበታ በሌለበት ቤት የአሮጌ ጋዜጣ ቁራጭ፣ የዘይት ጀሪካን ላይ ያለ ጽሑፍ፣ የሳሙና ወረቀት፣ የመድኃኒት ካርቶን ያገለግላል። ልጁ በአመድ ወይም በአሸዋ ላይ በጣቱ ይጻፍ፤ ደብተርና እስክሪብቶ ይቆጠባል፤ እጁም ቅርጹን ይለምዳል። ከዚያ በኋላ እጁን መታጠብ አይዘንጋ።

ፊደል የለየው ልጅ ደግሞ በየቀኑ ጮክ ብሎ ያንብብ። አሥር ደቂቃ በቂ ነው። የሚያነበው ነገር ጥቂት ከሆነ ያንኑ ታሪክ በሦስት ቀን ሦስት ጊዜ ማንበቡ ጉዳት የለውም፤ በሦስተኛው ቀን ቃላቱን እየነጠለ ሳይሆን እያያያዘ ያነባል፤ የንባብ ፍጥነት የሚመጣውም በዚህ መንገድ ነው። ታናሽ ወንድሙ ቁጭ ብሎ ቢያዳምጠው ለሁለቱም ይጠቅማል።

ቋንቋን በተመለከተ፣ የማስተማሪያው ቋንቋ በቤት ከሚነገረው ሊለይ ይችላል። ወላጆች በማይችሉት ቋንቋ ለማስረዳት መታገል አያስፈልጋቸውም። ልጁ አሳቡን በቤቱ ቋንቋ ከተረዳው በኋላ፣ በመጽሐፉ ያለውን የትምህርት ቤቱን ቃል መያዝ አይከብደውም።

ሒሳብ በጓዳና በጉሊት

ሒሳብ ለብዙ ቤተሰብ አስፈሪ ቢመስልም ከሁሉ ይልቅ በቤት የሚገኝ ትምህርት ነው። በሽሮ ቤት፣ በሱቅ፣ በእህል ጎተራ ሁሉ ቁጥር አለ። አንድ ኪሎ ሽንኩርት 18 ብር ቢሆን ሁለት ኪሎ ተኩል ስንት ይሆናል? ከ100 ብር ስንት ይመለሳል? አራተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ 45 ብር ከፍሎ 55 ብር መቀበል እንዳለበት በቃሉ ማስላት ይገባዋል። ታናሾቹ በባቄላ ፍሬ ወይም በጠጠር ይደምሩ፣ ይቀንሱ፤ አንድ እንጀራ ለአራት ሲቆረስ ስለ ክፍልፋይ ይማራሉ። ገበጣም ቢሆን ተራ ጨዋታ አይደለም፤ ጠጠሩ የት እንደሚያልቅ አስቀድሞ የሚገምት ልጅ እያሰላ ነው። ይህን ለማስተማር ሲባል ግን ልጅን ወደ ተጨናነቀ ገበያ ይዞ መውጣት አይገባም፤ ገበያውን ወደ ቤት ማምጣት ይቻላል።

ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥንና ስልክ

ትምህርትን በሬዲዮ ማስተላለፍ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችም በሳተላይት የሚተላለፈውን የፕላዝማ ትምህርት ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ያውቁታል። በአሁኑ ጊዜ የሚተላለፈው ፕሮግራም በየክልሉና በየከተማው ስለሚለያይ፣ ትክክለኛውን ሰዓትና ቋንቋ ከቀበሌው ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ወይም ከወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይገባል።

የሬዲዮ መምህር አይጠብቅም፣ አይደግምም፣ ተማሪው ያልገባው መሆኑንም አያይም። ስለዚህ ፕሮግራሙ ከመጀመሩ ከአሥር ደቂቃ በፊት ልጁ ደብተሩን፣ እስክሪብቶውንና የትምህርቱን መጽሐፍ ይዞ ይቀመጥ። ሲያዳምጥ ሁሉንም ለመጻፍ አይሞክር፤ አዲስ ቃላትንና ያልገባውን ብቻ ምልክት ያድርግ። እንዳለቀ ሬዲዮኑ ተዘግቶ የሰማውን በሦስት ወይም በአራት ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። ባትሪ ውድ በሆነበት ቤት ሬዲዮው ለዜናና ለትምህርት ሰዓት ቢቆጠብ መልካም ነው፤ በዚያ ሰዓት ልጁን ውኃ ቅዳ፣ ከብት መልስ አለማለትም የወላጅ ድርሻ ነው።

በከተሞች መምህራን መልመጃ የሚልኩት በቴሌግራም ነው። ይህ ጠቃሚ ቢሆንም ጥንቃቄ ያሻዋል። የቡድኑ ኃላፊ ማን እንደሆነ ወላጅ ይወቅ፤ ልጁ የማያውቃቸው ሰዎች በግል ሲጽፉለት ለወላጁ እንዲያሳይ ይነገረው። “የፈተና መልስ” ወይም “ትምህርት ቤት የሚከፈትበት ቀን” እየተባለ የሚዘዋወረው ሁሉ እውነት አይደለም። አንድ ስልክ ለሦስት ልጆች በሆነበት ቤት የማን ተራ እንደሆነ በወረቀት ተጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ አለዚያ ስልኩ የሚሄደው በጉልበት ለሚበልጠው ነው።

ከትምህርት ቤት የሚታደሉ የመልመጃ ወረቀቶችን ሲቀበሉና ሲመልሱ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ማድረግ፣ ሁለት የአዋቂ እርምጃ መራራቅና ከዚያ በኋላ እጅን በሳሙናና በውኃ ቢያንስ ለ20 ሰከንድ መታጠብ ይገባል። የሰፈር ልጆችን በአንድ ቤት ሰብስቦ ማስጠናት በበጎ አሳብ የሚደረግ ቢሆንም በወረርሽኝ ጊዜ አይመከርም፤ መጋቢት 30 ቀን 2012 ዓ.ም. በታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ መሠረትም ከ4 ሰው በላይ መሰብሰብ ተከልክሎ ነበር። በአንድ ቤት የሚኖሩ ወንድምና እኅቶች ግን እርስ በርስ ይረዳዱ።

ስንት ሰዓት?

ቤትን ትምህርት ቤት ለማድረግ መሞከር፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ልጅን ማስቀመጥ፣ አይሠራም፤ ከሁለት ቀን በኋላ ልጁም ወላጁም ይሰለቻል። ለታናናሾቹ በሁለት ወይም በሦስት ተከፍሎ በአጠቃላይ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ለታላላቆቹ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት በቂ ነው። ከብዛቱ ይልቅ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት መሆኑ ይበልጣል። በኩራዝ ከማንበብ በቀን ብርሃን ማንበብ ይሻላል፤ ጭሱ ለዓይንና ለሳንባ ጥሩ አይደለምና።

ያልገባውን ልጅ መምታትና መሳደብ ትምህርቱን ከፍርሃት ጋር ያቆራኘዋል። ወላጅ ትዕግሥቱ ሲያልቅ ትምህርቱን አቁሞ ወጣ ብሎ መመለስ ይችላል። ሥራ የቀዘቀዘበት፣ ገቢው የተቋረጠበት ወላጅ መበሳጨቱ የሚጠበቅ ነው፤ ድካሙን ለትዳር ጓደኛው ወይም ለቅርብ ወዳጁ በስልክ ቢያካፍል ለልጁም ይበጃል።

ሴት ልጆችና የሥራ ሸክም

ትምህርት ቤት ሲዘጋ የቤት ሥራው የሚወድቀው በአብዛኛው በሴት ልጅ ላይ ነው። ውኃ መቅዳት፣ እንጨት መልቀም፣ ሕፃን ማዘል፣ ወጥ መሥራት፤ ወንድሟ ሬዲዮ ሲያዳምጥ እሷ ከጓዳ ትሰማዋለች። ሥራውን ለሁሉም ልጆች ማከፋፈል፣ ለእሷም የተወሰነ የጥናት ሰዓት ማስከበር የቤቱ ኃላፊ ውሳኔ ነው። ወንዶቹም ቢሆኑ ሊስትሮ፣ የጎዳና ንግድ ወይም የከብት ጥበቃ ከትምህርት እንደወጡ እንዳያስቀራቸው ያሰጋል።

ከዚህ የሚከፋው ያለ ዕድሜ ጋብቻ ነው። “ትምህርት የለም፣ ከምትቀመጥ ትዳር” የሚለው ንግግር በዚህ ወቅት በብዙ ቦታ ሊነሣ ይችላል። በሕግ የጋብቻ ዕድሜ ለሴትም ለወንድም 18 ዓመት ነው፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም ያለ ዕድሜ ጋብቻን በአንቀጽ 648 ያስቀጣል። ይህን ወሬ የሰማ ጎረቤት፣ መምህር ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ለቀበሌው ወይም ለወረዳው የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ወይም ለፖሊስ ያሳውቅ። ልጅቱ ራሷም የምታምነውን አንድ አዋቂ ሰው እንድታውቅ ይደረግ።

አካል ጉዳት ያለባቸው ልጆች

መስማት ለተሳነው ልጅ ሬዲዮ ምንም አይጠቅመውም፤ የምልክት ቋንቋ ትርጉም የሌለው የቴሌቪዥን ትምህርትም ብዙ አይረዳውም። እንዲህ ያለው ልጅ በመጽሐፍ፣ በሥዕልና ከቤተሰቡ ጋር በሚግባባበት ምልክት ይማራል፤ ቤተሰቡም በዚህ ጊዜ ተጨማሪ ምልክቶችን ከልጁ ቢማር ትልቅ ነገር ነው። ማየት ለተሳነው ልጅ በተቃራኒው ሬዲዮና ጮክ ብሎ የሚያነብለት ወንድም ይረዱታል፤ የሚነካቸውን ነገሮች በእጁ ስለሚያያቸው እጁን ከሌሎች አዘውትሮ መታጠብ ይኖርበታል። የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ልጅ የዕለቱ ሥርዓት ሲለወጥ ሊረበሽ ስለሚችል፣ ቀኑን በተመሳሳይ ቅደም ተከተል ማስኬድ ይረጋጋ ዘንድ ይረዳዋል።

ልጆች ስለ በሽታው ሲጠይቁ

ልጆች ከምንገምተው በላይ ይሰማሉ። በወረርሽኙ ወቅት የሟቾች ቁጥር በየማታው ሲነገር በዚያው ክፍል ተቀምጠው ነበር። “አያቴ ትሞታለች?” ብሎ ለጠየቀ ልጅ “ዝም በል” ማለት ፍርሃቱን ያበዛል፤ “ማንም አይሞትም” ማለትም እውነት አይደለም። በሽታው መኖሩን፣ ብዙ ሰዎች እንደሚድኑ፣ አያቱን ለመጠበቅም እሱ ራሱ እጁን በመታጠብና ለጊዜው ከመሳም በመቆጠብ ሊረዳ እንደሚችል ይነገረው። የሚያደርገው ነገር ያለው ልጅ ከሚጨነቀው ልጅ ይሻላል። ታሞ የዳነን ወይም በለይቶ ማቆያ የቆየን ጎረቤት በስም እየጠሩ መሸሽ ልጆች የሚማሩት ከአዋቂዎች ነው።

እንቅልፍ ያጣ፣ አልጋ ማርጠብ የጀመረ፣ ከጨዋታ የራቀ ወይም ያለ ምክንያት የሚያለቅስ ልጅ ትምህርቱ ቀለል ይደረግለት፤ ሁኔታው ከሁለት ሳምንት በላይ ከቀጠለ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። በትምህርት ቤት ምገባ ይጠቀም የነበረ ልጅ ምግቡ እንደ ጎደለበትም መዘንጋት የለበትም፤ የተራበ ልጅ አያጠናም፤ የቀረበው ጥቂትም ቢሆን ከጥናቱ በፊት ቢሰጠው ይሻላል።

በቤት ውስጥ ትኩሳት፣ ደረቅ ሳል ወይም የመተንፈስ ችግር የታየበት ሰው ካለ ጥናቱ ይቁም፤ ታማሚው ከሌሎች ተለይቶ ይቆይ፤ ወደ 8335 ወይም ወደ 952 በነጻ ይደወል።

ትምህርት ሲጀመር

በ2012 ዓ.ም. ከ8ኛ እና ከ12ኛ ክፍል በስተቀር ያሉት ተማሪዎች ወደሚቀጥለው ክፍል እንዲዛወሩ፣ ትምህርት ሲከፈትም ለ45 ቀናት የዚያ ዓመት ትምህርት ማካካሻ እንዲሰጥ ተወስኖ ነበር። ወደ ሚቀጥለው ክፍል መዛወር ትምህርቱን ማወቅ አይደለምና፣ ወላጆች የዘንድሮውን መጽሐፍ ለትምህርት ቤት ከመመለሳቸው ወይም ለሌላ ከመስጠታቸው በፊት እስከ ማካካሻው መጨረሻ እንዲያቆዩት ይመከራል። የ8ኛ እና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ፈተናቸው ስለሚጠብቃቸው፣ አዲስ ምዕራፍ ከመቀጠል ይልቅ ያለፉትን ዓመታት መልመጃዎች መጽሐፍ ከድነው መሥራትና የተሳሳቱትን በተለየ ደብተር መመዝገብ ይጠቅማቸዋል።

በቤት የተሠራውን ደብተር፣ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ቀኑ ተጽፎበት፣ ልጁ ትምህርት ቤት ሲመለስ ለመምህሩ ያሳይ። መምህሩ ልጁ የት ቦታ እንዳቆመ ከዚያ ላይ ያያል፤ ማካካሻውንም ከዚያ ይጀምርለታል።